የተሻረ ውሳኔ አይደመሰስም

ፍሪላንስ ጋዜጠኛ በዜና ብቻ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የተገኘውን ይሠራል። እኔም በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን ሰነዶቹን በአማርኛ እንዳዘጋጅለት ቀጥሮኝ ነበር። እዚያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ነገሩ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ትልልቅ ውሳኔዎቻቸውን በአጭሩ ይጽፋሉ። የትኛውን ዳታቤዝ እንጠቀም? ፎቶ የት ይቀመጥ? እያንዳንዱ ውሳኔ ቁጥር አለው። ምን ችግር ነበር፣ ምን ተወሰነ፣ ምን ያስከትላል የሚል አንድ ሁለት ገጽ ነው። ልማዱን በ2011 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ማይክል ናይጋርድ የተባለ ባለሙያ ነው።

የእኔ ሥራ ያረጁ ውሳኔዎች በአዲስ የሚተኩበትን መሣሪያ አጠቃቀም ማስረዳት ነበር። መሣሪያው ናት ፕራይስ የተባለ ፕሮግራመር በነፃ ያቀረበው "ኤዲአር ቱልስ" ነው። አዲስ ውሳኔ ስትከፍቱ የሚተካውን የድሮ ውሳኔ ቁጥር ትነግሩታላችሁ። አዲሱን ፋይል ይፈጥርና "እገሌን ይተካል" ብሎ ይጽፍበታል፤ የድሮውንም ከፍቶ "በእገሌ ተተክቷል" ይለዋል። ሁለቱንም በማገናኛ ያስተሳስራቸዋል። የድሮውን ግን አይደመስስም።

እኔ ደመሰስኩ። እርስ በርሱ የሚጋጭ ሰነድ አዲስ ሰው ያደናግራል ብዬ ያረጁትን ሁሉ ለቅሜ አወጣሁ። ማኅደሩ ንጹሕ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ የተቀጠረ ልጅ "ፎቶዎቹን ለምን ዳታቤዙ ውስጥ አናስቀምጥም?" ብሎ ሦስት ቀን ለፋ። ቡድኑ ያንኑ ሞክሮ፣ ሲስተሙ ተንቀራፎበት ትቶት ነበር። አዲሱ ሰነድ "ፎቶ ለብቻው ይቀመጥ" ይላል፤ ታሪኩን ለማወቅ "ቁጥር 7ን ተመልከት" ብሎ ያልፋል። ቁጥር 7 ደግሞ የለም።

የቡድኑ መሪ አልተቆጣም። "ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ? ማስተካከያ ስታወጡ የድሮውን ጋዜጣ ታቃጥላላችሁ?" አለኝ። አፈርኩ።

እውነት ለመናገር ይህን ከነጋሪት ጋዜጣ መማር ነበረብኝ። አዋጅ ሲወጣ መግቢያው ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ መጨረሻው አካባቢ "የተሻሩ ሕጎች" ይልና የሚሽረውን በቁጥር ይጠራል። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል። ግን ዛሬም ይነበባል። በዚያ አዋጅ የተከሰሱ ጋዜጠኞች በምን አንቀጽ እንደተከሰሱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚከፍተው የተሻረውን ነው።

ከቢሮው ስወጣ የምትጠብቀኝ ፒያሳ ናት። በ2016 በኮሪደር ልማት ብዙ ቤት ፈርሶባታል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ አልክድም። በቀደም የእህቴ ልጅ አብራኝ ስታልፍ "ጋሼ፣ እዚህ ምን ነበር?" አለችኝ። ስለ ዶሮ ማነቂያ ነገርኳት። "ለምን ፈረሰ?" ስትለኝ ግን "ለኮሪደር ልማት" ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። ያኛው ቤት ለምን ቀረ? ይኼኛው ለምን ሄደ? ይኸው ብዬ የማሳያት ገጽ በእጄ የለም።

አራዳ እንዲህ ያለ ለውጥ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ነጩን ከአገሬው ለመለየት ብሎ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ የዛሬው መርካቶ የመጣው ከዚያ ነው። ወሳኞቹ በ1933 ተባረሩ። ውሳኔያቸው ግን ገበያተኛውን እስከ ዛሬ ወደዚያው ይወስዳል። ምክንያቱን የምናውቀው ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ባይጻፍ ኖሮ "ገበያው ድሮም እዚያ ነበር" ብለን እናልፍ ነበር።

ከተማ አይለወጥ አልልም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የፈረሰው ምን ይባል ነበር? መቼ ተተካ? በምን ተተካ? ማን፣ ለምን ወሰነ? ይህ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ማንም ዜጋ ከፍቶ ያንብበው። ምክንያቱ ጥሩ ከሆነ ውሳኔውን ያስከብረዋል። መጥፎ ከሆነም ቀጣዩ ወሳኝ ያንኑ ስህተት እንዳይደግም ይጠቅማል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቁጥር 7ን ከቀድሞው ቅጂ መልሼ አስገብቼዋለሁ። አናቱ ላይ "ተተክቷል" ይላል፤ ከሥሩ ታሪኩ አለ። ፒያሳ የኖራችሁ ደግሞ ማንንም ሳትጠብቁ ጀምሩ። ቤታችሁ የት እንደነበረ፣ ጎረቤታችሁ ማን እንደነበረ፣ መቼ እንደለቀቃችሁና ምን ተብላችሁ እንደለቀቃችሁ ጻፉ። የእህቴ ልጅ ጥያቄዋን አልጨረሰችም።