እናት ልታርስ ባሕር ስትሻገር

ከሹም አቦ ወደ ጣና ዳር ወረድ ቢሉ እንግዳ የሚያሳፍሩ ጀልባዎች ያገኛሉ። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ይዞ የወጣ የባሕር ዳር ሰው፣ ሞተሩ ሳይነሳ አንድ ነገር ማስታወስ አለበት፤ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ዘጌ ላይ ያለችውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግን ወንዱም ሴቱም ይሳለማታል። ለጀልባ የከፈሉት ገንዘብ እስከ ደሴቱ ዳር ያደርስዎታል እንጂ የገዳሙን በር አያስከፍትልዎትም። በሩ የራሱ ሥርዓት አለው።

የውጭ አገር ጉዞም እንዲሁ ነው። ቪዛ እስከ በሩ የሚያደርስ ፈቃድ ነው። የመግባቱ ነገር የሚቋጨው እዚያው በሩ ላይ፣ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ነው። «ቪዛው ተመታ» ሲባል እልል የሚል ቤተሰብ ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ብዙ ድካምና ገንዘብ ይተርፍለታል።

ለብዙዎቻችን ጉዳዩ ቤታችን የሚገባው በወሊድ ምክንያት ነው። እህት ውጭ አገር ታረግዛለች፤ እናት ልታርሳት ትነሳለች። የገንፎው እህል ይፈጫል፣ በርበሬው ይደለዛል፣ ወረቀቱ ግን መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሰው ትልቁን ፊደል አንብቦ ትንሹን እንደሚያልፍ በደንብ አውቃለሁ። የቪዛ ቁም ነገር ያለው ደግሞ በትንሹ ፊደል ነው። እስቲ አብረን እናንብበው።

ስምና የልደት ቀን

በእኛ ልማድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። ስለዚህ እናትዎና እህትዎ በፓስፖርታቸው ላይ አንድም የጋራ ስም ላይኖራቸው ይችላል። የቤተሰብ ስም በሚወርስበት አገር ያደገ መኮንን ይህን አይቶ «በእርግጥ ልጅዎ ናት?» ቢል አይፍረዱበት። መልሱ የእናትዎ ስም የተጻፈበት የእህትዎ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያውጡት፤ ሕጋዊ ትርጉምም ያሠሩለት።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። እናትዎ የተወለዱት ጥር 11 ቀን 1952 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ነው እንበል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 1960 መሆኑ ነው። አንዱ ሰነድ 1952፣ ሌላው 1960 ካለ አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ሰዎች ይመስላሉ። የቀበሌ መታወቂያውን፣ የጋብቻ ወረቀቱንና ፓስፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ስሙን በፊደል፣ ቀኑን በቁጥር ያመሳክሩ። የማይገጥም ካለ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ያስተካክሉ። ፓስፖርቱ የቀረውን ዕድሜም ይዩ፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ።

ከወሊዱ ወደ ኋላ መቁጠር

እህትዎ የምትኖረው ጀርመን ወይም ሌላ የሸንገን አገር ከሆነ ቀደም ይበሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የተለመደውን 15 የምላሽ ቀን ወደ 45 አሳድጎታል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አግዷል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም የግድ ነው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ጋባዡ ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ በሚኖርበት ከተማ መሥሪያ ቤት የሚፈርመው የኃላፊነት ሰነድ አለ፤ ይህን የምታዘጋጀው እህትዎ ስለሆነች ሆዷ ሳይገፋ ትጨርሰው።

አሜሪካ ከሆነች ስሌቱ ይገለበጣል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በወጣው ለውጥ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለ3 ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። እጅግ ቀድሞ የተገኘ ቪዛ እህትዎ ሳትወልድ ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን 3 ወሩ የመግቢያው ጊዜ እንጂ የቆይታው ጊዜ አይደለም። በቪዛው ዕድሜ ውስጥ በሩ ላይ ከደረሱ፣ የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው መኮንኑ ነው፤ ቀኑም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እንደ ገቡ ያንን ቀን ማየት የእህትዎ ሥራ ይሁን።

ሁለቱም መንገድ እናትዎን አዲስ አበባ ያስኬዳቸዋል፤ አሻራና ቃለ መጠይቅ በልጅ አይተካም። ከባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ዕድሜና ጤናቸውን አስበው የቀጠሮውን ዋዜማ ማረፊያ ያዘጋጁላቸው።

በመሃል ያለው በር

ትኬት ሲገዙ ርካሹን ብቻ አይዩ። ኢትዮጵያ፣ ዜጎቿ በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች አንዷ ናት። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ወደ ሌላ አገር በፍራንክፈርት በኩል የሚያልፍ ግን ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ያጣራ።

«ልታርስ ነው» እንዴት ይተረጎማል?

ማረስ የሚለው ቃላችን ሸክሙ ከባድ ነው። ተርጓሚ ቢሳሳት እርሻ ሊያደርገው ይችላል፤ «ልጅ ልትጠብቅ» ካለው ደግሞ የባሰ ነው፣ ሞግዚትነት ሥራ ነውና። የጎብኚ ቪዛ ሥራ አያሠራም። እናትዎ እውነቱን በቀላል ቃል ይናገሩ፤ «ልጄ ወልዳለች፣ ልጠይቃት ነው፣ ይህን ያህል ሳምንት ቆይቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።» የአሜሪካ ሕግ አመልካቹ ተቃራኒውን እስካላሳየ ድረስ ሊቀር እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ የሚመልሳቸውን ነገር ይያዙ፤ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ እዚህ የቀሩ ባለቤትና ልጆች።

ሰነዶቹ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሂዱ። የእህትዎ አድራሻና ስልክ፣ የመመለሻ ትኬትና የግብዣው ደብዳቤ ከላይ ይሁኑ። ቋንቋ ካልቻሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ይንገሯቸው። ያልገባቸውን ጥያቄ «አዎ» ብሎ ማለፍ ነው አደገኛው።

ሻንጣውም ሕግ አለው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቋንጣውና ንጥር ቅቤው እዚህ ይቅሩ። አሜሪካ ሲገቡ የያዙትን ምግብ ሁሉ ያሳውቁ፤ ያሳወቁት ነገር ቢከለከል ይወሰዳል፣ የደበቁት ግን ያስቀጣል።

«ዋስትና ያለው ቪዛ»

ይህን ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት። የቪዛ ውሳኔ የኤምባሲው ብቻ ስለሆነ በመካከል ያለ ማንም ሰው ዋስትና የሚሰጥበት ነገር የለውም። ጉዳይ አስፈጻሚ ፎርም ቢሞላልዎት እንኳ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መልስ ለእናትዎ በአማርኛ ያንብቡላቸው። ሐሰተኛ የባንክ ወረቀት ከተገኘ የሚጠየቀው ስሙ በማመልከቻው ላይ ያለው ሰው ነው። ሕጉም ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ ጎረቤት አምና የነገረዎትን ሳይሆን የኤምባሲው ገጽ በማመልከቻዎ ሳምንት የሚለውን ይያዙ።

የመመለሻው ቀን

ሕፃኑ እቅፍ ውስጥ ሲገባ «ትንሽ ልቆይ» ማለት ይመጣል። ማንስ ይፈርዳል? ግን የሸንገን አገሮች ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ እያዋሉት ያለው ሥርዓት የገባውንና የወጣውን በአሻራና በፎቶ መዝግቦ ቀኑን ራሱ ይቆጥራል። አሜሪካ ውስጥም ከተፈቀደው ቀን ያለፈ ቆይታ ቪዛን ያሰርዛል። ዛሬ የተጨመረች አንዲት ሳምንት የሚቀጥለውን ጉዞ ልታስከለክል ትችላለች። እህትዎ ሁለተኛ ልጅ ስትወልድ አራሷን ማን ያርስ?

ስለዚህ የመውጫውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው አንዱን በእናትዎ ፓስፖርት ውስጥ፣ አንዱን እህትዎ ማቀዝቀዣ ላይ፣ አንዱን ቤትዎ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሦስታችሁም እኩል ትቆጥራላችሁ።