ሣር ሲጠራ ማን ይሰማል?

አንባቢ ሆይ! የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ላፍቶ ሰፈር ነው። «ንፋስ ስልክ» ማለት ያለ ሽቦ በአየር የሚሄድ መልእክት መሆኑን ታውቃለህ። ከምድር በታችም ሌላ ንፋስ ስልክ እንዳለ እኔ የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነውና ታሪኩን ላጫውትህ።

ቤቴን በሠራሁበት ዓመት ግቢው ዋልካ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከእግር ጫማ የሚነጥቅ ጥቁር ጭቃ። ተናድጄ ላዩን በዶዘር አስገፈፍሁና በመኪና አስጭኜ ሰደድሁት። በምትኩ ገረጋንቲ አስደፋሁ፤ በላዩም የገዛሁትን ቀይ አፈር ስስ አድርጌ አልብሼ ሰርዶ ተከልሁ፤ የማገጥ ዘርም በተንሁበት። ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። ሰርዶው እንደ ታመመ ሰው ገረጣ፤ ማገጡም ከጣት ሳይረዝም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ማዳበሪያ ብጨምርለት ጥቂት ሳምንት አረንጓዴ መስሎ ተመልሶ ገረጣ።

ጎረቤቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሳይደርስ በፊት በዚያው ቦታ ከብት ያሰማሩ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ተመልክተው «ልጄ፣ እናቲቱን በመኪና ሸኝተህ ጥጃዋን ማን ያጥባልህ?» አሉኝ። ለካ እኔ ቆሻሻ ብዬ ያስጫንሁት የእርሳቸው የላሞች ሜዳ ኖሯል! አፈርሁ። ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅም ማንበብ ያዝሁ።

ተክል በቅጠሉ ከሚያዘጋጀው ምግብ ከፊሉን በሥሩ በኩል ወደ አፈር ያፈሳል። ይህ በአፈር ውስጥ ለሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግብዣ ነው። ጀርመናዊው ሎሬንስ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 ይህን በሥር ዙሪያ ያለ ስስ የአፈር ክልል የራሱን ስም ሰጥቶ ለየው። ግብዣው ግን ዘወትር አንድ አይደለም። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የኛ ገበሬ ሲናር የሚለውን የዱር አጃ በሣር ሜዳ አፈር ላይ ለሁለት ተከታታይ ወቅት ዘርተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተሙ። ከሥሩ ራቅ ያለው አፈር ብዙም ሳይለወጥ፣ በሥሩ ዙሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ተክሉ ባደገ ቁጥር እየተለወጡ ሄዱ፤ አንዳንዱ ወገን በዛ፣ ሌላው አነሰ። በሁለተኛው ወቅት አዲስ ሲናር ሲዘራም ለውጡ የአምናውን መንገድ ተከትሎ ተደገመ።

አንባቢዬ፣ ጥፋቴ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሥር እንግዶቹን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን በዙሪያው ከሚኖሩት መካከል ነው። እኔ ጎረቤቶቹን ሁሉ አስጭኜ ሰድጄ ነበርና ጥሪው ሰሚ አላገኘም። ማገጥማ ይልቁን የሚሻው የተለየ ወዳጅ አለው፤ በሥሩ ላይ እብጠት ሠርቶ የአየሩን ናይትሮጂን ወደ ምግብነት የሚለውጥለት ባክቴሪያ። ይህን ዓይነቱን ባክቴሪያ ከሥር እብጠት ለይቶ ያወጣው ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1888 ነው።

ሽማግሌው ዶዘሩ ያልደረሰበትን የአጥር ሥር አሳዩኝ፤ ስፋቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። በሐምሌ ዝናብ ሣሩን ከነሥሩ ከነጥቁር አፈሩ በዶማ እየቆረጥን በግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም ተከልነው። ሁሉን የባክቴሪያ ሥራ ነው አልልም፤ ከእርሱ ጋር ብስባሹም ዘሩም መጥቷል። ሆኖም በተከታዩ መስከረም ማገጡ ሐምራዊ አበባውን አወጣ። አንዱን ነቅዬ የሥሩን እብጠት በጥፍሬ ብሰነጥቀው ውስጡ እንደ ድድ ቀላ ያለ ነው፤ ይህም ሥራ ላይ የመሆኑ ምልክት ነው። ለሽማግሌው ባሳያቸው ቅጠሉን ብቻ ዳብሰው «ላሜ ይህን ትወድ ነበር» አሉና ዝም አሉ።

ስለዚህ፣ ወዳጄ፣ ቤት የምትሠራ እንደ ሆነ የላዩን አፈር ከመኪና ላይ አትጫነው፤ ከግቢው ጥግ ከምረህ አቆየው። ቦታ ከጠበበህም አንድ ክንድ ያህል ሣር ሳትነካ ተው። ጥሪውን የሚሰማ አንድ ጎረቤት እንኳ ይቅር።