ኋላ የበቀለ ቀንድ

«የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል» እንላለን። ተረቱ ለእንጀራ ይሠራ ይሆናል። ለልጅ ሲሆን ግን እኔ እጠራጠራለሁ። ለአጋዘንም ቢሆን እንደማይሠራ የቴክሳስ ሰዎች ብዙ ጥይት ከተኮሱ በኋላ ደርሰውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር አጋዘን የምንላቸው እንስሳት ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ በቀለ ነው። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ግን ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ይጥልና እንደገና ያበቅላል። ዕድሜው ሲጨምር ቀንዱም እየወፈረ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ቀንድ ማለት ገንዘብ ነው፤ አዳኝ ከሩቅ መጥቶ ለባለመሬቱ ረብጣ ይከፍልበታል። ስለዚህ ባለመሬቱ ያሰላል። «ቀንደ ቀጫጮቹን በጊዜ ብገድላቸው፣ ባለ ግርማዎቹ ብቻ ይራባሉ፤ ዘሩም ይሻሻላል» ይላል። አረም እንደ መንቀል መሆኑ ነው።

ሐሳቡ ከሜዳ የታፈሰ አይደለም። ኬር በሚባለው የቴክሳስ መንግሥት የዱር እንስሳት ስፍራ ከ1974 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ፣ እናት አባታቸው በታወቁና በአጥር ውስጥ ተቀልበው ባደጉ አጋዘኖች ላይ በተደረገ ምርምር፣ ቀንድ በዘር እንደሚወረስ ታይቷል። ይህን የያዙ ብዙ ሰዎች የአንድ ዓመት ተኩሉ ጎረምሳ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ካለ «እሱ መቼም አይረባም» ብለው ፈረዱበት።

ዱር ግን አጥር ግቢ አይደለም። አንዱ ጎረምሳ ዘግይቶ የተወለደ ነው፤ ሌላው እናቱ ተርባ ያሳደገችው ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ) የታተመ የደቡብ ቴክሳስ ጥናት እነዚህን ጎረምሶች ዓመት በዓመት ተከታተላቸው። አራት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው፣ በጉርምስናቸው ቀንዳቸው ያነሰው ከእኩዮቻቸው ጋር እኩል ሆነው ተገኙ።

ከ2006 (እ.ኤ.አ) ወዲህ ደግሞ ኮማንቼ በተባለ ሰፊ ርስት ላይ ሌላ ሙከራ ተደረገ። አጋዘኖቹን በሄሊኮፕተር እያሳደዱ በመረብ ያዟቸው፤ ቀንዳቸውን ለክተው መስፈርቱን ያላሟላውን አስወገዱ። መስፈርቱ በጣም በጠበቀበት ክልል፣ ቀንዱ 6 ጫፍ ያላወጣ ጎረምሳ አለቀለት። ይህ ለዓመታት ተደርጎ የዘር መሻሻል አልታየም። እንዴትስ ይታይ? ግማሹ ዘር የሚመጣው ቀንድ ከሌላት እናት ነው። እሷን በምን ለክተው ይምረጧት?

እኔን የከነከነኝ ግን የድርቁ ዓመት ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሣሩ ደረቀ፤ አብዛኞቹ ጎረምሶች ከመስፈርቱ በታች ሆኑና ተለቅመው ተገደሉ። ቆይቶ ሲታይ በዚያ ክልል የሚተካ ወንድ ተመናምኗል። ያጠፋው ሰማዩ፣ የተቀጣው ጎረምሳው!

ይህን ሳስብ የእኛው ጉድ ትዝ ይለኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ1 ሺህ በላይ ሆኑ። ያኔ በየታክሲው «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው» ሲባል ነበር። ኧረ ለመሆኑ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ አንድ ላይ ሲወድቅ ስለ ሣሩ የሚጠይቅ ሰው የለም? ለጥቂቶቹ የማካካሻ ትምህርት ተከፍቶላቸው ሌላ ዕድል አገኙ። እሰየው ነው። የቀሩትስ?

ፈተና ይቅር ማለቴ አይደለም። መለካት ደግ ነው። ግን የዛሬውን ልክ ይዞ የነገውን መወሰን ሌላ ነገር ነው። «ከምጣዱ ያስታውቃል» ያሉት አባቶቻችን፣ «ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» ያሉትም እነሱው ናቸው። የልጅ ነገር ሲነሳ ሁለተኛዋን ብናስቀድም ምን ይለናል?