የሸማኔዋ ልጅ መርፌ

ባለፈው እሑድ አንዲት እህታችን ሳትዋ ወደሚገኘው ክፍላችን እየሳለች መጣች። በሰው ቤት ትሠራለች። ትኩሳት ይዟታል፤ ሆኖም የአሠሪዋን ቀሚስ ትሰፋለች። «ለነገ ይፈለጋል» አለችን።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የቻይና ልብ ወለድ፣ በ«ቀዩ አዳራሽ ሕልም»፣ ቺንግዌን የተባለች በልጅነቷ የተገዛች ገረድ አለች። የወጣቱ ጌታዋ የጣዎስ ላባ ካባ በእሳት ፍንጣሪ ተበሳ፤ የከተማው ሰፊዎች «አንነካም» አሉ። እርሷ ግን ታማ ሳለች ሌሊቱን ሙሉ ጠገነችው። በኋላ በሐሜት ተባረረች፤ ሕመሟም ገደላት።

እህታችንም በአገር ቤት «የሸማኔ ልጅ» ተብላ ተንቃለች። ከሕመምተኛ ጋር በዓረብኛ መነጋገርን ያስጠናችን ግን እርሷ ናት። እኛ፣ ነፃ ትምህርት ያገኘን የሕክምና ተማሪዎች፣ የምንፈልጋት ጉዳይ ሲኖረን ብቻ ነበር፤ ጤናዋን የጠየቅነው ገና ያን ቀን ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ እንደሚሰጣት ነገርናት፤ ወደ ሐኪም እንደምንወስዳትም ተስማማን። ከዚያ አስተኝተናት ቀሚሱን ተቀበልን። ቁስል መስፋት የተማርነው እኛ፣ ስፌታችን ጠማማ ሆነ።

ጓደኞች ሆይ፣ በየክፍላችሁ የምትመጣውን እህት ከሥራዋ በፊት ጤናዋን ጠይቋት።