ደም ይመለሳልን?

በአማርኛ የወገኑን ገዳይ የገደለ ሰው «ደሙን መለሰ» ይባላል። የተበደርነውን ገንዘብ ወይም የተዋስነውን ዕቃ እንደምንመልስ ሁሉ፣ ደምም የሚመለስ ነገር ይመስላል። ለመሆኑ ምን ተመለሰ? ሟቹ አልተመለሰም። ትናንት ሐዘን ባልነበረበት ሌላ ቤት ድንኳን ተተከለ እንጂ። ያኛው ቤትም በተራው የሚመልሰው ደም አገኘ።

ይህን ስል ቂም የያዘውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት አበው እውነታቸውን ነው። ከበቀል ሥር ያለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የእኔ ሰው ሞት ከምንም ሳይቆጠር ይቀራልን? ስሕተቱ ያለው ከጥያቄው ሳይሆን ከመልሱ ላይ ነው።

የበቀል ሒሳብ የማይዘጋው፣ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገጽ ስለማይጀምሩት ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአዲስ አበባው አብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰበሩ። ደርግ ቀይ ሽብርን ያቀረበው፣ «ነጭ ሽብር» ብሎ ለሰየመው የኢሕአፓ ግድያ አጸፋ አድርጎ ነበር። የኢሕአፓ ሰዎች ደግሞ መሣሪያ ያነሡት አስቀድሞ ከደረሰባቸው ግድያና እስራት ራሳቸውን ለመከላከል እንደነበር ይናገራሉ። ሁሉም መላሽ ነው፤ ጀማሪ የለም። በዚህ መካከል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት አለቀ።

ዘግይቶም ቢሆን ፍርድ መጣ። ኮሎኔል መንግሥቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ መሰጠቱ አስፈላጊ ነበር። ይሁንና የዚያን ዘመን ቤተሰቦች ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ «ማን ተቀጣ?» የሚለው አልነበረም። «ልጄ የት ወደቀ?» የሚለው ነበር።

ሩዋንዳ ይህንኑ ጥያቄ በሕጓ ውስጥ አስገብታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ ከመቶ ሺህ በላይ ተጠርጣሪ በየእስር ቤቱ ታጉሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራቸውን የጨረሱት ጋቻቻ የተባሉት የመንደር ሸንጎዎች ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ፣ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት የሚፈልግ ሰው የገደላቸውን ሰዎች አስከሬን የት እንደጣለ ጭምር እንዲናገር ያዝዝ ነበር። ሸንጎዎቹ ነቀፌታ አላጡም። ተከሳሾች ጠበቃ አልነበራቸውም፤ አሸናፊው ጦር የፈጸመው ግድያም ለእነርሱ አልቀረበም። ጎረቤታሞችንም በአንድ ጀንበር አላፋቀሩም። ቢሆንም ብዙ ቤተሰቦች አፅም አንሥተው በወግ ለመቅበር በቁ።

በእኛ ቋንቋ አንድ ጉዳይ ፍጻሜ ሲያገኝ «ዕልባት አገኘ» እንላለን። ዕልባት በብራና መጽሐፍ ገጽ ዳር ምልክት የሚሆነው ክር ነው። ክሩ መጽሐፉን አይዘጋውም፤ የተጻፈውንም አይፍቅም። ቦታውን ብቻ ያሳያል። ሐዘንተኛም የሚሻው ዕልባት እንዲሁ ይመስለኛል። መርሳት አይደለም፤ ሄዶ የሚያለቅስበትን፣ አልቅሶም ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቦታ ማወቅ ነው።

በቀል ይህን ሊሰጥ አይችልም። ሟቹ የት እንደወደቀ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ገዳዩ ነው። እርሱን የገደለ ሰው ልቡ ለአንድ ቀን ያርፍ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን የሚጠይቀው ሰው አይኖርም።