የዋጋ ንረት የጠቀመው ሰው

የኑሮ ውድነት ጠቅሞኛል። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እኔም እስከ ዛሬ ከሌላው ጋር እኩል ሳማርር ነው የኖርኩት። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቢሮ ቡና ላይ የጤፍና የዘይት ነገር ሲነሳ ራሴን እየነቀነቅኩ «ወዴት እየሄድን ነው?» እላለሁ። ምሬቴ የውሸት አይደለም። ደመወዝተኛ ነኝ፣ ደመወዜም ወር ሳይሞላ ያልቃል። ነገር ግን ከደመወዜ ሌላ ኮንዶሚኒየም አለኝ። ኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ያተረፍኩትም በዚያ ዕዳ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት አንዱ ነበርኩ። ዕጣው ሲወጣልኝ 20 በመቶውን ከዘመድ አዝማድ ለቃቅሜ ከፈልኩ፤ የቀረውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተበደርኩ። ውሉን ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ልጆቼ የሚወርሱት ዕዳ ነው የመሰለኝ። ዛሬ ያ ወርሃዊ ክፍያ ከአምስት ሊትር ዘይት ዋጋ ብዙም አይርቅም። ውሉ ላይ የተጻፈው የብር ቁጥር ስለሆነ ብሩ በረከሰ ቁጥር ዕዳዬም ረከሰ። ቤቱ ግን ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ አብሮ ተወደደ፤ ኪራዩም ተከተለ። እኔ ምንም አልሠራሁም። እናቴ ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል እየኖርኩ ቤቱን አከራየሁ፤ የቀረውን ጊዜ ሠራልኝ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ብናገር ኃጢአቱ የቱ ላይ እንደሆነ ይጠይቁኝ ይሆናል። አልሰረቅኩም። ተራዬን ጠብቄ፣ ዕጣ ወጥቶልኝ፣ ዕዳዬን ሳላዛንፍ የምከፍል ሰው ነኝ። ሕሊናዬን የሚቆረቁረው ሌላ ጥያቄ ነው፦ እኔ ያገኘሁት ከማን ጎደለ?

እናቴ ጡረተኛ ናት። ከሸንኮራ አገዳ እስከ እንጀራ ሽጣ ያጠራቀመችው ትንሽ ገንዘብ በቁጠባ ደብተር አላት፤ እኔ በተበደርኩበት በዚያው ባንክ። ባንክ የሚያበድረው አስቀማጮች ያመጡለትን ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት እዚያው ቆየ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እናቴ ያስቀመጠችው 100 ብር በዓመቱ 107 ብር ሆነ፤ ያ 107 ብር ገበያ ሲወጣ ግን የገዛው ከዓመት በፊት 80 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ዕቃ ነው። ልዩነቱ በኖ አልጠፋም፣ ወደ ተበዳሪው ኪስ ነው የገባው። ትልቁን ድርሻ የወሰዱት መንግሥትና የብዙ ሚሊዮን ብር ብድር ያለባቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ እኔ ትንሹን ወሰድኩ። ያም ሆኖ ከእናቴ ነው የወሰድኩት። «ባንክ ያለ ገንዘብ ሌባ አይወስደውም» እያለች የምታምነውን ገንዘብ።

ንረቱን እኔ አላመጣሁትም። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ይሸፍን ነበር። የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ድርቁ መጣ፣ የዩክሬን ጦርነት የስንዴውንና የነዳጁን ዋጋ ሰቀለው፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ አልላቀቀንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ለሰውም አስረዳለሁ። በዚያ ሰሞን ግን፣ ሰው ሁሉ ደንግጦ ሳለ፣ እኔ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቤቴ አሁን ስንት ያወጣል ብዬ አስቤአለሁ። ሰፈር ያለ ደላላ የነገረኝን ዋጋ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ የምናዘዘው ይህን ደስታ ነው።

ዕቁባችን ውስጥም ይኸው ነገር አለ። ድሮ ዕጣ ቀድሞ መውጣትና ወደ ኋላ መቅረት የዕድል ጉዳይ ብቻ ነበር፤ መጨረሻ የወጣለት «እኔ አጠራቅሜ ወሰድኩ» ብሎ ይጽናናል። አሁን ቀድሞ የበላው ፍሪጅ በሚገዛበት ብር፣ መጨረሻ የወጣለት ምድጃ ይገዛል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ዳኛውም ጸሐፊውም ሕጉን እንቀይር ብለው አያነሱም። የቀደሙት ስለተጠቀሙ፣ የቀሩት ስለሚያፍሩ ይመስለኛል።

ወደ ተከራዬ ልምጣ። በግል ክሊኒክ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ ጋሼ ትለኛለች። ኪራይ በጨመርኩባት ቁጥር የሰጠኋት ምክንያት አንድ ነበር፦ «እንግዲህ እንደምታይው ሁሉም ነገር ጨምሯል።» እውነት ነው፣ ሁሉም ነገር ጨምሯል። የእኔ የባንክ ክፍያ ግን አልጨመረም። ቤቱን ለመያዝ የማወጣው ትልቁ ወጪ ባለበት ቆሞ ነው የእሷን ከፍ ያደረግኩት። የነገርኳት እውነት ነበር፤ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። እሷም በዝምታ ተቀበለችኝ፣ ምክንያቱም በዚያ ዋጋ ሌላ ቤት እንደማታገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 ሲወጣ፣ ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥ፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲደነገግ፣ ከወዳጆቼ መሐል በጣም የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። ኪራይ ላይ ገደብ ሲጣል ሰው ለኪራይ ቤት መሥራት ይተዋል፤ ያሉትም አከራዮች ገደቡ ሳይጀምር አስቀድመው ዋጋ ይቆልላሉ፤ የቤት እጥረት በአዋጅ አይፈታም አልኩ። ዛሬም አብዛኛውን አምንበታለሁ። ክርክሩ እርባና አለው። ግን ለምን ያን ያህል ድምፄን ከፍ አደረግኩ? የቁጠባ ወለድ ከዋጋ ንረት በታች ወርዶ የእናቴን ዓይነት ሰው ሲበላ እኮ ስለ ገበያ ነፃነት አንድ ቀን አልተከራከርኩም። የወለዱ መውረድም የገበያን አሠራር ያዛባል፤ እሱ ግን ለእኔ ነበር የሚያደላው። ዕውቀቴን ያወጣሁት ኪሴ ሲነካ ብቻ ነው።

ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገቱን ሲገድብና ንረቱ ረገብ ማለት ሲጀምር ቤት ፈላጊ ቀነሰ የሚል ወሬ ሰማሁ። የመጀመሪያ ስሜቴ ስጋት ነበር። እናቴ የምትተነፍስበት ዜና እኔን አሳሰበኝ። እንግዲህ ባለቤት የሆነ ሁሉ፣ መሬት ያለው፣ ዕቃ መጋዘን ያስገባ፣ ዶላር ቤቱ ያስቀመጠ፣ እንደ እኔ ትንሽ ትንሽ ደስ እያለው ከማረረው ጋር አብሮ የሚያማርር ከሆነ፣ ንረቱን ከልቡ የሚቃወመው ማነው? ደብተር ይዘው ባንክ የሚሰለፉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ድምፃቸው አይሰማም። ስለዚህ እኔ እላለሁ፣ ጥቅሜን እየጎዳም ቢሆን፦ ለትንሽ አስቀማጭ የሚከፈለው ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች መሆን የለበትም፣ የእኔ ዓይነቱ ተበዳሪም የሚገባውን ይክፈል።

የተከራዬ ውል የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ያወጣሁትን ሁሉ በወረቀት እጽፍላታለሁ፤ የባንኩን ክፍያ፣ የማኅበሩን መዋጮ፣ ለቧንቧ ጥገና የከፈልኩትን። በእርግጥ የጨመረብኝን አይታ እንነጋገርበታለን። ከዚያ በላይ ከጠየቅኳት ግን ኑሮ ተወደደ አልላትም፤ ገበያው ስለፈቀደልኝ ነው እላታለሁ፣ ፊቷን እያየሁ።