በራቸውን ማን ያንኳኳል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎን ከባድ ሙቀት መታት። 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፣ በብዙ ሰፈር መብራት ጠፋ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ከ65 ዓመት በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ የተገኙት በርና መስኮታቸውን ዘግተው ብቻቸውን በተኙበት ነው፤ በዚያ ሙቀት መስኮት መክፈት ያስፈራቸው ሌባው ነበር።

ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኋላ ላይ የከተማዋን ኖርዝ ላውንዴልንና ሳውዝ ላውንዴልን አነጻጸረ። ጎረቤት ሰፈሮች ናቸው፣ ሁለቱም ድሃ፣ በሁለቱም ብቻውን የሚኖር አዛውንት ሞልቷል። በአንደኛው ግን የሞቱ መጠን የሌላውን አሥር እጥፍ ያህል ነበር። ብዙ ሰው በሞተበት በኖርዝ ላውንዴል ነዋሪው ለቆ ሄዷል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ቤቱ ፈርሶ ባዶ መሬት ቀርቷል። በሌላው መንገዱ ሱቅና ሰው ይበዛበታል፤ ሽማግሌው ወጣ ብሎ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ ካልታየም «እሳቸው የት ዋሉ?» የሚል አይጠፋም።

ሰውነት ሲያረጅ ላቡ ይቀንሳል፣ ጥማትም በወጉ አይሰማም፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ውኃ ከሰውነት ያስወጣል። ስለዚህ ጥላ፣ መቀመጫ፣ የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ለአዛውንት ቅንጦት አይደሉም። መጸዳጃ የሌለበት መንገድ ላይ የሚወጡ እናት ውኃ ሳይጠጡ ነው የሚወጡት።

አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ የቺካጎን ዓይነት ሙቀት አይመጣባትም ይባል ይሆናል። እሺ። ፀሐዩ መበርታቱን ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ጎርፍ ይገባበታል፤ ያኔ ሮጦ የማያመልጠው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ድሬዳዋም በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው አጥታለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ፎቁ ነው። ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ አሳንሰር አልታሰበም። ጉልበታቸው የደከመ እማማ አራተኛ ፎቅ ሲደርሳቸው ዕጣ ወጣላቸው ብለን እልል አልን፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካኑን ማን እንደሚያወጣላቸው ግን አልጠየቅንም። የ2001 ዓ.ም. የሕንጻ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ደረጃው ግን ዛሬም ደረጃ ነው።

የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ወንበርና መጸዳጃ ይዞ መምጣቱ ደግ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። በዚያው ልማት ከመሀል ከተማ የተነሣው አዛውንት ግን ዳር ሲሄድ ቤት ቢያገኝ እንኳ ቡና የሚያጣጡትን፣ የሚያሳክሙትን፣ ስሙን የሚጠራውን ባለሱቅ ጥሎ ነው። ያ ለእኔ የኖርዝ ላውንዴል መንገድ ነው።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በሙቀት 15,000 ገደማ ሰው ካጣች በኋላ ማዘጋጃ ቤቶች ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች መዝገብ እንዲይዙ በሕግ አዘዘች፤ ሙቀት ሲበረታ ይደወልላቸዋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መዝገብ በእድር ጸሐፊ ደብተር ውስጥ ድሮም አለ፤ ችግሩ ደብተሩ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

እናም የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ብቻቸውን የሚኖሩትን ለይታችሁ ለእያንዳንዳቸው በር የሚያንኳኳ አንድ ወጣት መድቡ። ነዋሪን ለልማት የምታነሡ ባለሥልጣናት፣ እድርተኛን ከእድርተኛ ጋር በአንድ ብሎክ አስፍሩ፣ ምድር ቤቱንም ለአዛውንት አስቀድሙ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም።